ከወልድያ ወደ ላሊበላ በስንት ሰዓት ልነሳ?

ሰላም የወልድያና የላስታ ልጆች። የደሴ ልጅ ነኝ፣ የምማረው ኢስታንቡል ነው። እዚያ ትምህርት ከሌለኝ ታሪካዊ ቦታ ስዞር ነው የምውለው፤ እ.ኤ.አ. በ537 የተጠናቀቀችውን አያሶፍያን ብቻ አራት ጊዜ አይቻታለሁ። አንድ የክፍሌ ልጅ ግን «ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት እናንተ አገር አይደሉም እንዴ? እስኪ ፎቶህን አሳየኝ» ሲለኝ የማሳየው አጣሁ። የወሎ ልጅ ሆኜ!

አሁን ለእረፍት መጥቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር ሞከርን። መንገዳችንን ሐይቅ እስጢፋኖስ ጎራ አልን፤ ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ እናቴ ውጭ ነጠላዋን አጣፍታ ጠበቀችኝ፣ እኔም ቶሎ አልወጣሁም። ወልድያ መናኸሪያ ስንደርስ 8 ሰዓት። ረዳቱ «ላሊበላ፣ ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። ገብተን ስንቀመጥ ግማሾቹ «ተሳፋሪዎች» ለካ የእሱ ጓደኞች ናቸው፤ እየሳቁ አንድ በአንድ ወረዱ። 11 ሰዓት ላይ «ዛሬ አይሞላም» ተባልን። እዚያው አድረን፣ እናቴ ስለደከማት ወደ ደሴ ተመለስን።

አሁን የቀረኝ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ብቻዬን በሕዝብ ትራንስፖርት፣ በጋሸና በኩል ነው የምሄደው፤ የኮንትራት መኪና አቅሜ አይደለም። 11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት፣ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀውን ይምርሐነ ክርስቶስንም ማየት እፈልጋለሁ። ሁሉንም አዳርሼ በሦስተኛው ቀን ማታ ደሴ እንድገባ፣ በመጀመሪያው ቀን ወልድያ መናኸሪያ በስንት ሰዓት መገኘት አለብኝ?