«እግዚአብሔር ይመስገን» ስል የምዋሽ ይመስለኛል

የእማዬ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። አሁን ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ልጆቹ ተኝተዋል፣ እማዬም ተኝታለች፣ እኔን ብቻ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እናቴን ባለፈው ጥቅምት ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዝላትም። ንግግሯም ጠፋ። የምንላትን ትሰማለች፣ ሁላችንንም ታውቀናለች፣ ግን ልትናገር ስትሞክር ቃሉ አይወጣላትም። ያኔ ትናደዳለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች። እኔ ሥራዬን ትቼ እሷን አስታምማለሁ። የባለቤቴ ሥራ ክፍለ ሀገር ነው፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቢመጣ ነው። ልጆቼ የ9 እና የ5 ዓመት ናቸው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ውሃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሌሊት ነው። አንሶላዋን በየቀኑ ማጠብ አለብኝ። የቀረውን ራሳችሁ ገምቱት።

ያስጨነቀኝ ግን ሥራው አይደለም። ሰው ሊጠይቅ ይመጣና «እንዴት ናችሁ?» ይላል። አፌ እኔን ሳይጠይቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ቃሉ ሲወጣ ውስጤ ባዶ ነው። እንዲያውም ባዶም አይደለም፣ ቂም አለበት። እግዚአብሔር ላይ ቂም ይያዛል? እኔ ግን ይዣለሁ መሰለኝ።

እማዬ በፊት ውሃ ጠጥታ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ «ተመስገን» ትል ነበር። መብራት ሲመጣ ተመስገን። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲገቡ ተመስገን። ቤታችን በዚያ ድምፅ ነበር የሚሞቀው፣ ያወቅኩት ግን ከጠፋ በኋላ ነው። ልተካው ስሞክር ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

ትናንት አጥሚት ሳበላት ከአፏ በቀኝ በኩል ፈሰሰ፣ ነጠላዋ ተበላሸ። በዚያ ቀን ሦስተኛው ነበር። «ዋጪ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባት። በሕይወቴ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። እሷ ዝም ብላ በግራ እጇ የነጠላውን ጫፍ ፈለገች። ራሷን ልትጠርግ ነው ብዬ ሳይ የእኔን እጅ መጥረግ ጀመረች። ለካ እጄ ላይም ፈሶ ኖሯል። ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ፣ ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለነበር ልጆቹ አልሰሙኝም።

እምነቴ ጠፍቶ ነው? እናንተ ቤት ውስጥ ነገር ሲከብዳችሁ ምስጋናውን ከየት ታመጡታላችሁ? እባካችሁ «የባሰ አለ» አትበሉኝ፣ እሱን በቀን ሦስቴ እሰማዋለሁ።


መንገደኛ፦

እህቴ አይዞሽ። ቅር አይበልሽና እናትሽ በሕይወት አሉ፣ ስንቱ እናቱን በድንገት ያጣ አለ። እሱን እያሰብሽ ጠንክሪ። እግዚአብሔር ይማርልሽ።


ዲያቆኑ፦

ወንድሜ መንገደኛ፣ ከልብህ እንዳልከው አውቃለሁ። ግን በሌላ ሰው ሐዘን ተለክቶ የሚመጣ ምስጋና አይበረክትም። የባሰበት ሰው ራሱ ምን ብሎ ሊያመሰግን ነው?

እህቴ፣ እምነትሽ አልጠፋም። የጠፋ እምነት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቁጭ አድርጎ አያስጨንቅም።

ሰዎች ሲያጽናኑ ኢዮብን ይጠቅሳሉ። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ያለው ምዕራፍ 1 ላይ ነው። ምዕራፍ 3 ላይ ያው ሰው የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ በኋላ ብዙ ምዕራፍ ሙሉ ይሟገታል፣ ይከስሳል፣ መልስ ይጠይቃል። መጨረሻው ላይ፣ ምዕራፍ 42፣ እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ሳይሆን ሊያጽናኑት በመጡት ወዳጆቹ ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቂምሽን ይዘሽ ቁሚ። ለእሱ ንገሪው። እሱም ጸሎት ነው።

ሁለተኛ፣ ቃሉን ራሱን እይው። «ተመስገን» ውስጥ «ደስ ብሎኛል» የሚል የለበትም። «ተመችቶኛል» የሚልም የለበትም። «ይመስገን» ስንል ስለ እሱ ነው የምናወራው፣ «ተመስገን» ስንል ግን ፊት ለፊታችን እንዳለ ሰው «አንተ» ብለን ነው። እናትሽ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ስለ ስሜቷ መግለጫ እየሰጠች አልነበረም፣ አጠገቧ ያለውን ሰላም እያለችው ነበር። ስለዚህ አንቺም እየከፋሽ ብትይው ውሸት አይሆንም።

ቅዳሴ ላይ ጸሎተ አኮቴትን ልብ ብለሽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የምስጋና ጸሎት ነው። የሚያመሰግነው ስለ ጤናና ስለ ሀብት አይደለም። ሸፈነን፣ ረዳን፣ ጠበቀን፣ እስከዚህች ሰዓት አደረሰን ነው የሚለው። እስከዚህች ሰዓት። አንዳንድ ቀን ከዚያ በላይ የለኝም እኔም።


የጉለሌ እናት፦

ልጄ፣ እኔ እንደ ዲያቆኑ መናገር አልችልም፣ ግን ባለቤቴን በመርሳት በሽታ አራት ዓመት አስታምሜያለሁና ስሚኝ።

መጀመሪያ መጮህሽን ይቅር በይ። እኔም ጮኼያለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ከመጮህም አልፌ ትቼው ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ። እናትሽ እጅሽን የጠረገችው ይቅር ብላሽ ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? እናት በሁለት እጇም በአንድ እጇም እናት ናት።

አሁን ወደ ሥራው። ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ይመጣል አይደል? ተይው በያቸው። «ብርቱካኑ ይቅርብኝ፣ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት እማዬ ጋ ተቀመጡልኝ» በያቸው። አትፈሪ። የዕድር ሴቶች፣ የማኅበር ሴቶች፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት፣ ሁሉም የሚያደርገው ጠፍቶት ነው ሙዝ የሚገዛው። እኔ ይሄን ለማለት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፣ ባልኩ ማግስት ግን ጎረቤቴ መጥታ ሹራብ እየሠራች ተቀመጠችልኝ። እኔ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ተኛሁ። ተነሥቼ ፊቴን ስታጠብ ሳላስበው «ተመስገን» አልኩ። የደከመ ሰው ምስጋና የሚያጣው ኃጢአተኛ ስለሆነ አይደለም ልጄ፣ እንቅልፍ ስላጣ ነው።

ቡናስ ታፈያለሽ? ካቆምሽ ጀምሪ። ከማድ ቤት አምጥተሽ አልጋዋ አጠገብ አፍይው። ስትቆዪው ጭሱን ወደ እሷ አድርጊላት። ቄጠማ ባይኖርም ግድ የለም። አቦልና ቶናውን እንደፈለግሽ፣ በረካው ላይ ግን ልጆቹን ጥሪና እጇ ሥር ይጎንበሱ። መናገር አትችልም እንጂ መመረቅ ትችላለች። ግራ እጅ አይመርቅም ያለው ማነው? ቤት ውስጥ የሚመርቅ ትልቅ ሰው ሥራ ፈቶ ሲተኛ ነው ቤቱ የሚቀዘቅዘው።


የእማዬ ልጅ፦

እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የእርስዎን ሳነብ አለቀስኩ። ቡና ካፈላሁ አራት ወር ሆኖኛል። ቡና ሲፈላ ዋና ተናጋሪዋ እማዬ ስለነበረች ዝምታውን ፈርቼ ነው የተውኩት። እሞክራለሁ።

ዲያቆን፣ «ፊት ለፊት እንዳለ ሰው» ያልከው ገብቶኛል።


ኡሙ ሰሚር፦

አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ። ከደሴ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ አየር አጥሮት ነበር፣ አሁን 11 ዓመቱ ነው፣ አይሄድም፣ አይናገርም። ያለሽበትን አውቀዋለሁ።

እኛ ጋ ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ ይባላል። ያኔ ጣቶቼ ይቆጥራሉ፣ ልቤ አልነበረም። ሶብር፣ ትዕግሥት ማለት ነው፣ አለማልቀስ ይመስለኝ ነበር። አማቴ ነበሩ አንድ ቀን ቁጭ አድርገው ከቁርኣን ሱረቱ ዩሱፍን፣ የዩሱፍን ምዕራፍ ያስታወሱኝ። ነቢዩ ያዕቁብ ልጁ ሲጠፋ ከሐዘን ብዛት ዓይኑ ነጣ፣ ማየት ተሳነው። ነቢይ ሆኖ! ልጆቹ ሲወቅሱት «ጭንቀቴንና ሐዘኔን የማሰማው ለአላህ ብቻ ነው» አላቸው። ሶብረኛ የተባለው ይሄው እያለቀሰ የኖረ ሰው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱጁድ ላይ፣ ግንባሬ መሬት ነክቶ ስሰግድ፣ በራሴ ቋንቋ ስሞታዬን እናገራለሁ። ስነሣ ቀሎኝ እነሣለሁ። ሁሌ አይደለም፣ ግን ብዙ ጊዜ።

ሌላው፣ ልጆችሽን ከዚህ ነገር አታርቂያቸው። ትንሿ ልጄ ወንድሟን ፀጉሩን የምታበጥረው እሷ ናት። እኔ ሳደርገው ሥራ ነው፣ እሷ ስታደርገው ጨዋታ ነው፣ እሱም ለእሷ ነው የሚስቀው። አልሐምዱሊላህ የምለው እሱን ሳይ ነው፣ ማንም ሳያስገድደኝ።


ስደተኛው፦

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው፣ እንደ እናትሽ ያሉ ሰዎችን መንከባከብ ሥራዬ ነው። ሌሎቹ ስለ መንፈሱ ጽፈውልሻል፣ እኔ መጀመሪያ ስለ አጥሚቱ ልንገርሽ።

ተኝታ ወይም ተደግፋ አታብያት። በደንብ ቀጥ አድርገሽ አስቀምጫት። ማንኪያው ትንሽ ይሁን፣ ምግቡን በጤነኛው በግራ በኩል አድርጊላት፣ የመጀመሪያውን ሳትውጥ ሁለተኛውን አትስጪ። ቀጭን ፈሳሽ ወፈር ካለው ይልቅ ቶሎ ትን ይላልና አጥሚቱን ወፈር አድርጊው። በልታ ስትጨርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጣ ትቆይ። የምትስል ወይም ድምፅዋ ጉሮሮዋ ውስጥ ውሃ እንዳለ የሚሆን ከሆነ ለሐኪም ንገሪ። ስትተኛ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ገልብጫት፣ ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቷ ሥር ትራስ አድርጊ። የአልጋ ቁስል ከመጣ በኋላ ከማዳን ሳይመጣ መከላከል ይቀላል።

አሁን ዋናው። እዚህ የማስታምማቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ እንደ እናትሽ ስትሮክ ንግግራቸውን የወሰደባቸው። ውሃ መጠየቅ አይችሉም። እሑድ ቀን መዝሙር ሲከፈት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘምራሉ፣ አንድ ቃል አይስቱም! መጀመሪያ ያየሁ ቀን ተአምር መስሎኝ ነበር። ቴራፒስቷ ስትነግረኝ፣ አስበን የምንናገረውና ከልጅነት ጀምሮ ስንደጋግም በቃል የያዝነው ነገር አእምሮ ውስጥ የሚሄዱበት መንገድ አንድ አይደለም። አንዱ ሲቋረጥ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ጸሎት፣ መዝሙር፣ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር። ሁሉም ላይ አይሆንም፣ ቃል አልገባልሽም። ግን ሞክሪ። ተናገሪ ብለሽ አታስጨንቂያት። የምታውቀውን ጸሎት ቀስ ብለሽ ጀምሪና መጨረሻው ላይ ዝም በይ። ቦታውን ተይላት።

የእኔ እናት ደብረ ማርቆስ ነበረች። ስትታመም ወረቀቴ አላለቀም ነበርና መሄድ አልቻልኩም። በስልክ ድምፄን እያሰሟት ነው ያረፈችው። የምነግርሽ አንቺን ለማሳዘን አይደለም። ሌሊት የሰው እናት ስገለብጥ በልቤ «እማ» እላለሁ። እናትሽን ስትገለብጪ አንዴ በእኔ ስም ገልብጫት። ይሄን ብታደርጊልኝ ደስ ይለኛል።


የእማዬ ልጅ፦

እሺ ወንድሜ። ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስገለብጣት በአንተ ስም አድርጌዋለሁ።

አሥር ቀን ስለጠፋሁ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴን «ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ተቀመጪልኝ» አልኳት። «እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ተቆጣችኝ። ተኛሁ እማማ፣ እንዳሉት።

ቡናውን አልጋዋ አጠገብ ማፍላት ጀምሬአለሁ። መጀመሪያው ቀን ዝምታው ከበደኝ። ሁለተኛው ቀን ትንሿ ልጄ ስለ ትምህርት ቤት ስታወራ ሞላችው። በረካው ላይ ሁለቱም ይጎነበሳሉ፣ እማዬ ግራ እጇን ራሳቸው ላይ ታደርጋለች፣ ቶሎ አታነሣውም።

ጸሎቱን ማታ ማታ ሞከርኩ። «አባታችን ሆይ» ብዬ እጀምራለሁ፣ መሃል ላይ ዝም እላለሁ። አራት ማታ ምንም አልነበረም፣ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ልተወው ብዬ ነበር። ትናንት ማታ ልጆቹም አብረውን ነበሩ። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» ብዬ አቆምኩ። እውነቱን ለመናገር ቦታ ልተውላት ብዬ እንኳን አልነበረም፣ ደክሞኝ ነው፣ ነገ ስለሚገዛው ዳይፐር እያሰብኩ ነበር።

«ለዛሬ» አለች።

ጥርት ብሎ። በዚያው በድሮ ድምፅዋ። ልጄ «እማማ አወራች!» ብሎ ዘለለ። እሷ ራሷ ደንግጣ አየችኝ። ከዚያ ቀጥይ እንደማለት በግራ እጇ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።