ጥቆማ፦ የሰሜኖቹን ፊልሞች ሐዋሳ ላይ ከማን ጋር፣ በምን እንያቸው?

ሰሞኑን «ከሆሊውድና ከኮሪያ ወጣ ያለ ምን አየሽ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ክረምት ነው፤ ሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ዝናቡን ካወረደችው ከቤት መውጣት የለም። እኔም ወሩን ሙሉ የዴንማርክ፣ የስዊድንና የአይስላንድ ፊልም ሳይ ከረምኩ። ግማሹን ብቻዬን፣ ግማሹን ከእማዬና ከታናሽ ወንድሜ ጋር።

አንድ ነገር ልምከራችሁ። የእነዚህን አገሮች ፊልም ስትመርጡ «ምርጡ የቱ ነው?» አትበሉ። «ከማን ጋር ነው የማየው?» በሉ። ብዙዎቹ ዝምታ ይበዛባቸዋል። አንድ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ውጪውን ሲያይ እናንተም አብራችሁት ትቆማላችሁ። አጠገባችሁ ያለው ሰው «ታዲያ መቼ ነው የሚጀምረው?» እያለ ከነዘነዛችሁ ፊልሙ ገደል ገባ።

ከቤተሰብ ጋር ከሆነ ሳታቅማሙ በ«ራምስ» ጀምሩ። በፈረንጆቹ የ2015 የአይስላንድ ፊልም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፤ ዳይሬክተሩ ግሪሙር ሃኮናርሶን ይባላል። አይስላንድን ከስካንዲኔቪያ፣ ማለትም ከእነ ዴንማርክና ስዊድን፣ የማይቆጥሩ አሉ፣ ኖርዲክ ነው የሚሏት። ለእኔ ግን ብርዱም ዝምታውም ያው ነው። ሁለት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሁለቱም በግ አርቢ ናቸው። አርባ ዓመት ተኮራርፈዋል። የግድ የሚነጋገሩት ነገር ከመጣ ወረቀት ላይ ይጽፉና ውሻው በአፉ ይዞ ያደርሳል። እማዬ ይሄን ስታይ ከተጋደመችበት ብድግ አለች። «አርባ ዓመት ሙሉ? እዚያ አገር ሽማግሌ የለም እንዴ?» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፊልሙ የእሷ ሆነ። ሰብታይትሉን የሚያነብላት ወንድሜ ነው፤ አንድ መስመር ከዘለለባት ትቆጣለች።

ከዚያ ሸለቆው ውስጥ የበግ በሽታ ይገባል። መድኃኒት የለውም። የአካባቢው በግ በሙሉ እንዲወገድ ይታዘዛል። አንደኛው ወንድም በጎቹን ሌላ ሰው እንዲነካበት አይፈልግም፤ በገዛ እጁ ይገድላቸዋል። ከብት ያረባ ቤተሰብ ውስጥ ላደገ ሰው ያቺ ትዕይንት ከባድ ናት። እማዬ ልጅ ሳለች የአባቷ ላም የሞተችበትን ቀን አስታውሳ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደችው። እኔን ደግሞ አልለቀኝ ያለው ሌላ ነው። አንደኛው ወንድሙን ሰክሮ በረዶ ላይ ወድቆ ያገኘዋል። አያናግረውም፣ አያቅፈውም። በትራክተሩ መዛቂያ አፍሶ ይወስደውና ሆስፒታል በር ላይ አውርዶት ይመለሳል። ኩርፊያም ወንድምነትም በአንድ መዛቂያ ውስጥ አሉ። አንድ ቃል አልተነገረም፤ ሁሉም ግን ገብቶናል።

ራቁት ገላ የሚታይበት ቦታ መጨረሻው ላይ አለ፤ ምክንያቱን ስታዩት ግን አታፍሩበትም።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚለኝን ነገር ልጨምር። «ራምስ» በ2015 ካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ «አን ሰርተን ርጋር» የተባለውን ክፍል ሽልማት ወስዷል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ክፍል፣ የእኛው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነበረ። ካን ላይ በዋናው ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እሱም የበግ ታሪክ ነው፤ እናቱ የሞተችበት አንድ ልጅና በጉ። ሁለቱን በተከታታይ ቀን እዩዋቸው። አንዱ አገር በረዶ፣ አንዱ አገር ተራራና ገደል፤ በጉን ግን ሁለቱም ጋ እንደ ሰው ነው የሚያዩት።

አሁን ወደ ማስጫኑ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። እኔ ሦስት መንገድ ሞክሬያለሁ። መናኸሪያ አካባቢ ያሉት ፍላሽ የሚጭኑ ልጆች ፈጣኖች ናቸው፤ ትርጉም ፊልምና የወቅቱን አክሽን ከፈለጋችሁ አያሳፍሩም። የዴንማርክ ፊልም ስትሏቸው ግን ያገኙትን ይሰጧችኋል። ፒያሳ አካባቢ የቆዩ ፊልሞች የሚያስቀምጥ ልጅ ካገኛችሁ አትልቀቁት፤ «ነገ ተመለሽ» ካለ ፈልጎ ያመጣል። ሦስተኛውና ለእኔ የሚሻለው ዩኒቨርሲቲ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ነው። ዋናው ግቢ ውስጥ ከሃርድ ዲስክ ወደ ሃርድ ዲስክ የሚዞረውን ፊልም የትም ሱቅ አታገኙትም። ራሳችሁ የምታወርዱ ከሆነ የሌሊት ጥቅል ግዙና ተኙ፤ ጠዋት አልቆ ይጠብቃችኋል።

ዓመቱን ሳትናገሩ ግን ምንም አታስጭኑ። እኔ «ዘ ጊልቲ» ብዬ አስጭኜ፣ ቡና አፍልቼ፣ መብራት አጥፍቼ ስከፍተው አሜሪካዊው ተዋናይ ጄክ ጂለንሃል ብቅ አለ። የ2021ዱ የአሜሪካው ቅጂ ነው። እኔ የፈለግኩት የ2018ቱን የዴንማርኩን ነበር። ምሽቴ ተበላሸ። የሚገርመው ዛሬ ከምጠቁማችሁ ሦስቱ እንዲህ ዓይነት መንትያ አላቸው። «ራምስ» የ2020 የአውስትራሊያ ቅጂ አለው። የስዊድኑ «ኤ ማን ኮልድ ኦቬ» ደግሞ በ2022 በቶም ሃንክስ «ኤ ማን ኮልድ ኦቶ» ሆኖ ተሠርቷል። ስለዚህ ስሙንም፣ ዓመቱንም፣ አገሩንም ወረቀት ላይ ጻፉለት።

ሰብታይትሉንም እዚያው ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ለብቻው ፋይል ሆኖ ከመጣ ከፊልሙ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ይሁን፤ ስሙም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። ያለዚያ አብዛኛው ቴሌቪዥን አያነበውም። በእንግሊዝኛ ድምፅ የተተካ ቅጂ ከሰጣችሁ መልሱለት። የሰዎቹ ድምፅ ከጠፋ ዝምታውም ይጠፋል።

«ዘ ጊልቲ»ን በመጨረሻ አገኘሁት። ለብቻ የሚታይ ነው፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ሌሊት። አንድ ፖሊስ የአደጋ ጊዜ ስልክ ይቀበላል። አንዲት ሴት ትደውላለች፤ ልጇን እያናገረች ታስመስላለች። ካሜራው ከዚያ ቢሮ አይወጣም። መኪናውን አታዩትም፣ ሴትዮዋን አታዩዋትም፣ ዝናቡን ብቻ በስልኩ ትሰማላችሁ። እኔ ሲያልቅ ሴትዮዋን ያየኋት ያህል ነበር የሚሰማኝ። አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። በስልክ ለሚያይ ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለኝም፤ ስክሪኑ ቢያንስም የምትጎዱት ነገር የለም።

«ኤ ማን ኮልድ ኦቬ»፣ 2015፣ ስዊድን። ሚስቱ የሞተችበት ቁጡ ሰውዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን እየዞረ ማን ያለ ቦታው መኪና እንዳቆመ ይቆጣጠራል። ከጓደኛው ጋር ከተቀያየሙባቸው ነገሮች አንዱ መኪና ነው፤ አንዱ ሳብ፣ አንዱ ቮልቮ ይነዳል። ከኢራን የመጣች እርጉዝ ጎረቤት ምግብ ይዛ በሩን ታንኳኳለች፤ ነገሩ ከዚያ ይጀምራል። ጎረቤት ለሚወድ ሰው፣ አቶቴም ይኑር ታቦር ስር፣ የሚሆን ፊልም ነው። ግን አስቀድሜ ልናገር፤ ሰውዬው ራሱን ሊያጠፋ ደጋግሞ ይሞክራል። በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ሰው አጠገባችሁ ካለ ለጊዜው ይቆይ።

«ዘ ሃንት»ን ከባልና ሚስት ጓደኞቼ ጋር አየነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። የዴንማርካዊው ዳይሬክተር የቶማስ ቪንተርበርግ የ2012 ፊልም ነው። ማድስ ሚክልሰን በዚህ ፊልም ካን ላይ የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት አግኝቷል። የሚጫወተው የመዋዕለ ሕፃናት ሠራተኛ ሆኖ ነው፤ አንዲት ሕፃን ያለችው ቃል መንደሩን በሙሉ በእሱ ላይ ያስነሳል። እሱ ንጹሕ መሆኑን እኛ ከመጀመሪያው እናውቃለን። መንደሩ ግን አያውቅም። ሱፐርማርኬት ገብቶ ሥጋ ልግዛ ሲል ምን እንደሚያደርጉት እዩ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ስም አንዴ ከወጣ ምን እንደሚሆን ለእኛ የሚያስረዳን አያስፈልግም። ልጆች ባሉበት አይከፈትም።

የዚያው ዳይሬክተርና የዚያው ተዋናይ «አናዘር ራውንድ»ም አለ፣ 2020። ምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወስዷል። አራት መምህራን ደማቸው ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እየያዙ ቢያስተምሩ ምን እንደሚሆን ይሞክራሉ። ወጣቶች ሲያዩት የመጠጥ ማስታወቂያ እንዳይመስላቸው እሰጋ ነበር። ወንድሜ ግን አይቶ ሲጨርስ «ያሳዝናሉ» ብቻ ነው ያለው። ቪንተርበርግ ቀረጻ በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁን በመኪና አደጋ አጥቷል፤ ፊልሙ ለእሷ መታሰቢያ ነው። ይሄን አውቃችሁ የመጨረሻውን ጭፈራ ስታዩት ሆዳችሁ ይላወሳል።

ስዊድናዊው ዳይሬክተር በርግማንስ? «ዘ ሰቨንዝ ሲል»፣ 1957፣ ከሞት ጋር ቼዝ የሚጫወተው ፈረሰኛ። ትልቅ ነው፤ መጀመሪያችሁ ግን አይሁን። እኔ የወደድኩት ቼዙን አይደለም። ኮረብታ ላይ ተቀምጠው እንጆሪና ወተት የሚካፈሉባትን ትንሽ ቦታ ነው። አገሩን ወረርሽኝ እየፈጀው፣ እነሱ አንድ ዕቃ ወተት ይቀባበላሉ።

ሰፋ አድርጋችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ፕሮጀክተር ተከራዩ። ሠርግ የሚቀርጹ ልጆች ጋ አይጠፋም፤ በሥራ ቀን ከሆነ ዋጋውን ይቀንሱላችኋል። ለአምስት ለስድስት ስታዋጡ ለየብቻ ከማኪያቶ ብዙም አይበልጥም። ነጭ አንሶላ በደንብ ወጥሩ፤ ከተሸበሸበ የሰው ፊት ይበላሻል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ግን አትጀምሩ፤ ብርሃን ካለ የበረዶው ነጭና የአንሶላው ነጭ አይለዩም።

ከእማዬ ጋር ያላየሁት አንድ ቀርቶኛል፤ «ባቤትስ ፊስት»፣ የ1987 የዴንማርክ ፊልም። አንዲት ፈረንሳዊት የቤት ሠራተኛ በሎተሪ ያገኘችውን 10,000 ፍራንክ ለአንድ እራት ታወጣዋለች። እንግዶቹ ደግሞ ስለ ምግቡ አንዲት ቃል ላለመናገር ተማምለዋል። እኔ ብቻዬን አይቼዋለሁ። በጾም የሚታይ አይደለም፤ ማዕዱ ዝርዝር ብሎ ነው የሚቀርበው። ለፍልሰታ ፍቺ አስቀምጬዋለሁ። እማዬ ሽንኩርቱን ማታ ትከትፋለች፣ ዶሮው እሳት ላይ ሆኖ ነው የምናየው።