ፓንትሪ ጓዳ ነው ወይ?

የለገጣፎው፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ቃል አስቸግሮኛል። ለገጣፎ የምናሠራው ቤት ፊኒሺንግ ላይ ደርሷል። ፕላኑ ላይ ክፍሎቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፉት። ሊቪንግ ሩም፣ ኪችን፣ ማስተር ቤድሩም፣ እነዚህን ለምደናል። ከኪችኑ ጥግ ግን 1 ሜትር ከ50 በ2 ሜትር የምትሆን ክፍል አለች፣ «ፓንትሪ» ትላለች። እናቴ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለችኝ። «ጓዳ ናት» አልኳት። ገባች፣ ዞር ዞር ብላ አየችና «በሯስ?» አለች። በር የላትም፣ ክፍት ናት። «እኔ በር የሌለው ጓዳ አላውቅም። ለመጣው ሁሉ የጤፍ ጆንያዬን ላሳይ ነው?» ብላ አኮረፈች። ቅዳሜ አናጢው ይመጣል። በር ይግባላት ወይስ አይግባላት? ፓንትሪ ጓዳ ነው ወይስ አይደለም?

ተርጓሚዋ፦
ነው ማለት ይቻላል። ደረቅ ምግብና ዕቃ የሚቀመጥበት፣ ከኪችን የተጠጋ ክፍል ነው። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፣ ሥሩ የላቲኑ «ፓኒስ» ነው፣ ዳቦ ማለት። ድሮ በፈረንጆቹ ትልልቅ ቤቶች የዳቦ ክፍል ነበር። ሥጋው ለብቻው «ላርደር» በሚባል ክፍል ነበር የሚቀመጠው።

ሲሚንቶ፦
እኛ ላርደር አያስፈልገንም። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ። በቀረው ቀን ደግሞ የሥጋው ዋጋ ያስጾመናል።

ቆሎ ተማሪ፦
ቆይ ቆይ። የዳቦ ቤት ከሆነማ ፓንትሪ ቤተ ልሔም ነዋ! ልሔም በዕብራይስጥ ኅብስት ነው። በየደብሩ ግቢ የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅባት ቤት አለች አይደል? በቃ፣ እናትህን «ቤተ ልሔም ናት» በላቸው። ችግሩ እዚያ የሚገባው ዲያቆን ነው። እማማ ጤፋቸውን በዲያቆን ሊያስወጡ ነው።

መሪጌታ ነበርኩ፦
ልጄ፣ በዚህ አይቀለድም። ቤተ ልሔም የሽሮ ቆርቆሮ መደርደሪያ አይደለም። እኔ ቤተ ልሔም ስባል ትዝ የሚለኝ የጋይንቱ ቤተ ልሔም ነው፣ የዜማው መጽሐፍ ድጓ የሚመሰከርበት። ወደ ጥያቄው ስንመጣ፣ ጓዳን ለማወቅ «ጓደኛ» የሚለውን ማየት ነው። እንግዳ ሳሎን ይቀራል። ጓዳ ድረስ የሚዘልቅ ሰው ጓደኛ ይባላል።

ተርጓሚዋ፦
የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄንን አልቀበልም። ጓደኛ የመጣው ከጓድ ነው። መንገድ፣ መንገደኛ። ጓድ፣ ጓደኛ።

መሪጌታ ነበርኩ፦
ጤና፣ ጤነኛ። ዋና፣ ዋነኛ። ጓዳ፣ ጓደኛ። ምን ጎደለው?

ተርጓሚዋ፦
ድምፁ ነዋ! ጤና ሲባል «ና» ይላላል፣ ጤነኛ ሲባልም «ነ» እንደላላ ነው። ጓዳ ሲባል «ዳ» ይላላል። ታዲያ ጓደኛ ላይ «ደ»ን ማን አጠበቀው? ጓድ ላይ ጠብቆ ስለነበረ ነው። ጮክ ብለው ይበሉትና ይስሙት።

መሪጌታ ነበርኩ፦
እኔ ማጥበቅና ማላላትን ከመምህሬ እግር ሥር ተቀምጬ፣ በዱላ ነው የተማርኩት። አንቺ በስልክ ነው።

ሲሚንቶ፦
በደርግ ጊዜ ጓዶቹ ጓዳችን ድረስ እየገቡ ሲፈትሹ ነበር። ለየኔታ አንድ ነጥብ።

የሰንዳፋዋ፦
የኔን ስሙኝማ። ምስጢሩ «ጓ» ላይ ነው። «ጓ» ኋላን ነው የምታሳየው። ጓዳ ከቤቱ ኋላ ነው። ጓሮ ከግቢው ኋላ ነው። አለቀ።

ሲሚንቶ፦
ጓንቲስ? ከኋላ ነው የሚጠለቀው?

የሰንዳፋዋ፦
ጓንቲ የጣሊያን ነው፣ አይቆጠርም።

ሲሚንቶ፦
ጓያስ?

የሰንዳፋዋ፦
ጓያ ያበዛ ሰው እግሩ ይያዝና ኋላ ይቀራል።

ሲሚንቶ፦
እጄን ሰጥቻለሁ።

ቆሎ ተማሪ፦
ኪችንን ማድ ቤት ማለታችንስ ልክ ነው? ማድ ማለት ማዕድ ነው፣ ማዕድ ደግሞ ገበታ ነው። የሚበላበት እንጂ የሚበሰልበት አይደለም። ማድ ቤት መባል የነበረበት ዳይኒንግ ሩሙ ነው።

ተርጓሚዋ፦
ለዚህ እኮ ነው ኩሽና የሚለው የሚሻለው። ከጣሊያኑ «ኩቺና» የመጣ ነው። ከእንግሊዙ ኪችን ጋርም በላቲን በኩል ይዛመዳሉ።

መሪጌታ ነበርኩ፦
«ከሸነ» የሚል ግስ ቤታችን ተቀምጦ ጣሊያን ምን ያደርግልናል? ክሽን ያለ ወጥ አልበላሽም?

ተርጓሚዋ፦
በልቻለሁ፣ የኔታ። ግሱ ራሱ ከኩሽና ወጥቶ ቢሆንስ?

መሪጌታ ነበርኩ፦
መዝገበ ቃላቱ እቤት ነው። ነገ አይቼ እመለሳለሁ።

የለገጣፎው፦
ወገኖቼ፣ በሩ...

ተርጓሚዋ፦
እውነትህን ነው፣ ወደ በሩ እንመለስ። ፕላንህ ላይ «ዎክ ኢን ክሎዜት» የሚል ነገር አለ?

የለገጣፎው፦
አለ። ማስተሩ ውስጥ። የልብስ ነው አሉኝ።

ተርጓሚዋ፦
እንግዲህ ስማ። ማቴዎስ 6 ላይ «ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ» የሚለው አለ አይደል? በፈረንጅ አቆጣጠር በ1611 የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ እልፍኝን «ክሎዜት» ነው ያለው። ያኔ ክሎዜት ሰው ብቻውን የሚሆንበት ትንሽ ክፍል ነበር። ዛሬ ሱሪ የሚሰቀልበት ሆነ። የቤት ስም እንዲህ ይሰደዳል። ፓንትሪም ከዳቦ ተነስቶ የጁስ መፍጫ ማስቀመጫ ሆኗል።

መሪጌታ ነበርኩ፦
«መዝጊያህንም ዘግተህ» ይላል። ያውላችሁ፣ መዝጊያ! እናትየው ከሁላችሁም ይበልጣሉ።

ቆሎ ተማሪ፦
የኔታ፣ እሱ የተነገረው ለእልፍኝ ነው እንጂ ለጓዳ አይደለም።

የሰንዳፋዋ፦
አሁን ቀልዱን ልተወው። የአያቴ ጓዳ በር አልነበረውም። ግድግዳው ራሱ ታጥፎ ይሸፍነዋል። ትገባለህ፣ ወደ ግራ ትዞራለህ፣ ጨለማ ነው። መጀመሪያ የጠላው ጋን ይሸትሃል። እጅህን ስትዘረጋ የቅቤውን ቅል ትነካለህ፣ ላዩ ወዝ አለው። ከምድጃው ዳር የተቀመጠ ሰው ግን ምንም አያይም። ስንት ቁና እንደቀረ የምታውቀው አያቴ ብቻ ነበረች። እንግዳ ሲመጣም ሙሉ ይሁን ባዶ ከፊቷ አታውቅም። እናትህ በር የጠየቁት ለዚህ ይመስለኛል። ሳሎን የተቀመጠ ሰው ፓንትሪዋን ያያታል?

የለገጣፎው፦
ያያታል። ኪችኑ ራሱ «ኦፕን ኪችን» ነው፣ ከሳሎኑ የሚለየው ባንኮኒ ብቻ ነው። ሶፋው ላይ ተቀምጠህ መደርደሪያው ፊት ለፊትህ ነው።

የሰንዳፋዋ፦
እንግዲያ ጓዳ አይደለችም፣ ሱቅ ናት።

ሲሚንቶ፦
«ዱቤ ዛሬ የለም» ብላችሁ ለጥፉባት።

ቆሎ ተማሪ፦
በነገራችን ላይ ባንኮኒ የማን ቃል ነው?

ተርጓሚዋ፦
የጣሊያን።

መሪጌታ ነበርኩ፦
ሁሉም ለጣሊያን ከተሰጠ እኛ ምን ይዘን ቀረን?

ሲሚንቶ፦
ጓያን።

የለገጣፎው፦
ቅዳሜ ደረሰ። አናጢው መጥቶ ለካና ለበሩ የጠራው ዋጋ አልተቀመሰም፣ ሸኘነው። ከሰዓት ብመለስ እናቴ ፓንትሪዋ ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ ሰቅላለች። ጆንያው ገብቷል፣ የበርበሬው እንስራም ገብቷል። አሁን «ጓዳዬ» ነው የምትላት።

ቆሎ ተማሪ፦
መጋረጃ ሳይሆን እንደ ቤተ መቅደሱ መጋረጃ መንጦላዕት በላት።

መሪጌታ ነበርኩ፦
መንጦላዕት ስትል «ላ»ን ታጠብቃለህ ወይስ ታላላለህ?