የድረ-ገጻችን ጌጦች፦ ለሥራ አስፈጻሚው የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድረ-ገጹ ለአዲሱ ዓመት እንደገና ስለሚሠራ፣ ዓይነ ስውራን አባሎቻችንን በሚመለከት አንድ አንቀጽ ማስገባት አለብን። የመጀመሪያ ረቂቄ ይህ ነው፦ «በድረ-ገጹ ላይ የሚወጣ ማንኛውም ምስል የአማርኛ መግለጫ ይኑረው።» እስቲ አስተያየታችሁን።

መምህር፦
ልጄ፣ ለእኛ ማሰብሽ ደስ ይላል፤ ረቂቁ ግን እንዳለ ከጸደቀ ያደክመናል። ዛሬ ጠዋት የስብሰባውን ቀን ፈልጌ ገባሁ። የምጠቀመው ኤንቪዲኤ ነው፤ ገጹን በድምፅ የሚያነብልኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም (ስክሪን ሪደር) ማለት ነው። ከርዕሱ በላይ «የጥለት መስመር»፣ ከርዕሱ በታች ደግሞ «የጥለት መስመር»፣ ከየዜናው ጎን «አደይ አበባ»። ቀኑን ያገኘሁት 11 አደይ አበባ ሰምቼ ነው። የሚያይ ሰው ጥለቱን በዓይኑ ዳር ያልፈዋል። እኔ ዓይን ዳር የለኝም፤ የሚመጣልኝ አንድ በአንድ ነው። ጌጡ ዝም ይበልልኝ።

ድረ-ገጽ ሠሪው፦
ልክ ነዎት መምህር፣ አስተካክላለሁ። ሁላችሁም እንድታውቁት የምፈልገው ግን፣ በገጹ ኮድ ውስጥ ኦልት የሚባለውን የምስል መግለጫ ቦታ ባዶ መተውና ጨርሶ አለማስገባት አንድ አይደሉም። ኦልት ገብቶ በጥቅስ ምልክቶቹ መካከል ምንም ካልተጻፈ፣ ስክሪን ሪደሩ ምስሉን ያልፈዋል። ኦልት ከነጭራሹ ከሌለ ግን ምስሉ ቁም ነገር ይሁን ጌጥ ማወቅ አይችልም፤ በተለይ ምስሉ ሊንክ ከሆነ፣ የፋይሉን ስም ከነቁጥሩ ሊያነበንብ ይችላል። ጥለቱንና መስመሮቹን ወደ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ ወደሚወስነው ኮድ) የጀርባ ምስል አዛውራቸዋለሁ፤ እዚያ ሲሆኑ አይነበቡም። ደብልዩሲኤጂ የሚባለው ዓለም አቀፍ የድረ-ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በቁጥር 1.1.1 የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ የመመሪያው 2.0 እትም በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከወጣ ጀምሮ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ግዴታ ነው። የጉባኤውን ትልቅ ፎቶም ለድባብ ብቻ ስለሆነ ባዶ አድርጌዋለሁ።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ወንድሜ፣ በጥለቱ እስማማለሁ፤ በፎቶው ግን አልስማማም። እኔም የማየው በጆሮዬ ነው። ያ ፎቶ ላይ እኔ አለሁበት! እናቴ ደውላ «ፎቶሽ ወጥቷል» እስክትለኝ ድረስ አላወቅሁም። ሰው ያለበት ፎቶ ጌጥ አይባል። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

መምህር፦
እውነትሽን ነው። እኔ የተማረርኩት በአበባው ነው እንጂ በሰው አይደለም።

የባህል ክፍል፦
እኔ የምጨምረው የሐረጉን ነገር ነው። የብራና መጻሕፍትን አናት የሚያስጌጠውን ሐረግ በፊት ገጹ ዳርና ዳር ተጠቅመንበታል፤ እዚያ ጌጥ ነው፣ ይለፍ። ስለ ብራና አሣሣል በሚያስረዳው ገጽ ላይ ግን ርዕሰ ጉዳዩ ራሱ ሐረጉ ነው፤ የመስመሮቹ አጠላለፍና ቀለሙ መገለጽ አለበት። ፋይሉ አንድ ነው፣ መልሱ ሁለት። ስለዚህ «ጌጥ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ምስሉ በገባበት ገጽ ሁሉ ይጠየቅ። መግለጫውን እኔ ልጻፍ፣ ሥራዬም ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ፖስተሮቹስ? ያለፈው የስብሰባ ጥሪ ቀኑም ቦታውም ምስሉ ውስጥ ነበር።

ድረ-ገጽ ሠሪው፦
ያ ፈጽሞ ጌጥ አይደለም። ሙሉው ጽሑፍ ከፖስተሩ ሥር በፊደል ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ድግግሞሽ እንዳይሆን የፖስተሩ ኦልት ባዶ ይሁን። የስልክ ምልክቱም እንደዚሁ ነው፦ «ስልክ» ከሚለው ቃል ጎን ሲሆን ዝም ይላል፣ ብቻውን የሚነካ ቁልፍ ሲሆን ግን ስም ያስፈልገዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ ለወጥኩት፦ «ከገጹ ቢወጣ መልእክት የማያጎድል ምስል ኦልቱ ባዶ ይሁን። ሰው ያለበት ፎቶ አጭር መግለጫ ይኑረው። በምስል ውስጥ ያለ ማስታወቂያ በጽሑፍም ይውጣ። ውሳኔው በየገጹ ይሰጥ፤ ገጹ ከመለቀቁ በፊት ሁለት ዓይነ ስውራን አባላት በኮምፒውተርና በስልክ ይሞክሩት።» ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010 (እ.ኤ.አ.) ማጽደቋንና አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት መሆኑን በመግቢያው አሰፍራለሁ።

የወጣቶች ተጠሪ፦
በስልክ በቶክባክ፣ በአንድሮይድ ስልክ ስክሪን ሪደር፣ እኔ እሞክራለሁ። «አጭር» የሚለው ስንት ቃል እንደሆነ ግን አልተስማማንም።

መምህር፦
ኮምፒውተሩን ለእኔ ተዉት። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ፎቶ በረጅምም በአጭርም መግለጫ አዘጋጁልኝ፤ ሰምቼ እነግራችኋለሁ።