«ተከሰከሰ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለወደቁ አውሮፕላኖች የቃላት ጥያቄ

ብራና፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ግንባር አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ነገሩ ሁሉ የአውሮፕላን ነው። ሦስት ገጽ ጽፌ መለስ ብዬ ሳነበው «ተከሰከሰ» የሌለበት አንቀጽ አጣሁ። በጠላት ጥይት የወደቀውም ተከሰከሰ፣ ጉም ውስጥ ተራራ የገጨውም ተከሰከሰ፣ ነዳጅ ያለቀበትም ተከሰከሰ። አንባቢ ምን ይለያል? እርዱኝ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ከሥሩ እንነሳ። ከሰከሰ ማለት ሰባበረ፣ አደቀቀ ነው። «አጥንታቸውን ከስክሰው፣ ደማቸውን አፍስሰው ያቆዩን አገር» የምንለው ይኸው ግስ ነው። ስለዚህ ተከሰከሰ የሚነግርሽ ብረቱ መጨረሻ ላይ ምን እንደሆነ ብቻ ነው። ማን እንዳደረገው አይነግርሽም። ምክንያቱ ገና ላልታወቀ የዜና ሰዓት ይመቻል። ለታሪክ ግን አይበቃም። ጠላት ሲሆን «መትቶ ጣለው» ወይም «ተመትቶ ወደቀ» በዪ። የቀረውን ለተከሰከሰ ተዪለት።

ጋሽ ሞተር፦
ልጄ ብራና፣ ፊደል ቆጣሪ ልክ ነው፤ ግን የቀረው የሚሉት ትንሽ አይምሰላችሁ። በ1993 እ.ኤ.አ. በሩሲያ የታተመው የጦሩ ይፋዊ ስሌት፣ ሶቪየት ኅብረት በጦርነቱ 88,300 የውጊያ አውሮፕላን አጣች ይላል። በውጊያ የጠፋው ግን 43,100 ነው። ከግማሽ በላዩ ጠላት ሳይነካው ነው የጠፋው። ቶሎ ቶሎ የሠለጠነ ልጅ፣ መጥፎ አየር፣ የተቻኮለ ፋብሪካ፣ ያረጀ ሞተር። ሁሉንም «ተመትቶ ወደቀ» ካልሽ ጀርመንን ባልሠራው ሥራ አመሰገንሽው።

ብራና፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እርስዎ እዚያ ተምረው የለ? ሩሲያዎቹ ራሳቸው ይለያሉ?

ጋሽ ሞተር፦
በደንብ እንጂ። እኔ በደርግ ጊዜ ሄጄ የተማርኩት ጥገና ነው። መጀመሪያ ካጠናናቸው ቃላት ውስጥ ሦስቱ እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፉም። ፖሎምካ፣ አቫሪያ፣ ካታስትሮፋ። ፖሎምካ ማለት ተጎድቷል፣ ግን ይጠገናል። አቫሪያ ማለት አውሮፕላኑ አልቆለታል፣ ሰው ግን ተርፏል። ካታስትሮፋ ካሉህ ሰው ሞቷል። መዝገብ ላይ አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ቀልድ አይደለም። እኛ ሦስቱንም «አደጋ» ብለን እናልፋለን። እኔ ብሆን «ተጎዳ»፣ «ከጥቅም ውጪ ሆነ»፣ «ሰው የሞተበት አደጋ» እላለሁ። ይረዝማል፣ ግን ይለያል።

የአራዳ ልጅ፦
ጋሼ ይመቾት። እኔ የምወደው የፓይለቶቹን ቋንቋ ነው። ላግ 3 የሚባል ተዋጊ ነበራቸው፤ ከእንጨት የተሠራ፣ ቫርኒሽ የተቀባ፣ ከባድ። ስሙ የሦስት መሐንዲሶች ስም መነሻ ፊደል ነው፤ ላቮችኪን፣ ጎርቡኖቭ፣ ጉድኮቭ። አብራሪዎቹ ፊደሎቹን ይዘው ምን አሉት? «ላኪሮቫኒ ጋራንቲሮቫኒ ግሮብ»። ቫርኒሹ የሚያብረቀርቅ፣ ዋስትና ያለው የሬሳ ሣጥን! ይሄ ሰምና ወርቅ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
ሰምና ወርቅ እንኳ አይደለም፤ ፊደል መፍታት ነው። ቢሆንም ያስቃል።

ብራና፦
ሁለተኛ ጥያቄ። «ታራን» የሚል ቃል አለ። አብራሪው ጥይት ሲያልቅበት የጠላትን አውሮፕላን በራሱ አውሮፕላን ይገጨዋል። «አጥፍቶ መጥፋት» ልበለው?

የአራዳ ልጅ፦
በቴስታ መታው በይ 😄

ጋሽ ሞተር፦
ልጁ ሲቀልድ እውነት አመለጠው። ታራን በጥንቱ የምሽግ በር መደርመሻ ግንድ ነው። በግንባር መምታት ነው ትርጉሙ። አጥፍቶ መጥፋት ግን አይሆንም። አጥፍቶ ጠፊ ለመሞት ነው የሚሄደው። እነዚህ ልጆች ከተቻለ በፕሮፔለር የጠላትን ጭራ ቆርጠው በጃንጥላ ለመውረድ ነው የሚያስቡት። ታላሊኺን ነሐሴ 1941 እ.ኤ.አ. ሞስኮ አጠገብ በሌሊት የጀርመን ቦምብ ጣይ ገጭቶ በጃንጥላ ወርዷል። የሞተው በጥቅምት ነው፣ በሌላ ውጊያ። ቦሪስ ኮቭዛን ደግሞ አራት ጊዜ ገጨ፤ በአራተኛው አንድ ዓይኑን አጣ፤ ከጦርነቱ ግን በሕይወት ወጣ። አራት ጊዜ አጥፍቶ የጠፋ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

ፊደል ቆጣሪ፦
«ገጭቶ ጣለ» ይበቃል። «የእሳት ታራን» የሚሉት ሌላ ነው። የሚነድ አውሮፕላንን ምድር ላይ ባለ የጠላት የተሽከርካሪ ሰልፍ ላይ መንዳት ነው፤ በአብራሪው በጋስቴሎ ስም የታወቀው። ለእሱ «አጥፍቶ መጥፋት» ቢባል አልከራከርም። ግን ዛሬ ቃሉ ከቦምብ ታጣቂ ጋር ተጣብቋል፤ አንባቢው ሌላ ነገር ያስባል።

ብራና፦
ገጭቶ ጣለ አልኩ። አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ስለ ተዋጊ አብራሪው አሌክሲ ማሬሲዬቭ ስጽፍ «አውሮፕላኑ ተመትቶ በሚያዝያ 1942 እ.ኤ.አ. ጫካ ውስጥ አረፈ» አልኩ። ጽሑፉን ያየችልኝ እህቴ «ነፍስ ይማር፣ ታዲያ በሚቀጥለው መስመር ማን ነው የሚሳበው?» አለችኝ።

የአራዳ ልጅ፦
ሞቼልሻለሁ!

ፊደል ቆጣሪ፦
የ«አረፈ» ነገር እንዲህ ነው። አውሮፕላንም ያርፋል፣ ሰውም ያርፋል። ሰላማዊ በረራ ላይ ማንም አይሳሳትም። ጦርነት ላይ ግን «አብራሪው አረፈ» ብሎ መጻፍ መርዶ ነው። ሁልጊዜ ባለቤቱን አውሮፕላኑን አድርጊው፣ ወይም «ወረደ» በዪ። ማሬሲዬቭ ላይማ «አረፈ» ፈጽሞ አይገባም፤ ዛፍ ላይ ነው የወደቀው። ከዚያ 18 ቀን በጫካ ተሳበ፣ ሁለት እግሩ ተቆረጠ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. በሰው ሠራሽ እግር ተመልሶ በረረ። ያ ሰው ዕረፍት አያውቅም።

ብራና፦
ጀርመን የወረረችበት የመጀመሪያው ቀንስ? ሰኔ 22 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ሶቪየቶች ወደ 1,200 አውሮፕላን አጡ፣ ከዚህ 800 ያህሉ መሬት ላይ እንደቆሙ። «ተጣሉ» አይባልም መቼም፣ አልተነሱም።

ጋሽ ሞተር፦
በእኛ ሰኔ 15 ቀን 1933 መሆኑ ነው፤ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ሰባት ሳምንት ገደማ። «በቆሙበት ጋዩ» በዪ። ጋየ ለቤትም ለጎተራም ይሆናል፤ ተሰልፎ ለቆመ አውሮፕላንም ያምራል። «ወደሙ» የመግለጫ ቃል ነው፣ ጭሱ አይሸትም።

ፊደል ቆጣሪ፦
ከጀርመን ወገንም አንድ ልጨምር። ጣለ የሚለውን «አብሹስ» ይሉታል፤ የአደን ቃል ነው። እኛም እኮ «ግዳይ ጣለ» አለን! ተዋጊ አውሮፕላናቸውንም «አዳኝ» ነው የሚሉት። አብራሪያቸው ኤሪክ ሃርትማን 352 ግዳይ ተቆጥሮለታል። በጠላት ተመትቶ አልወደቀም ይባልለታል። ግን 16 ጊዜ ተገድዶ ወርዷል፤ ወይ የጣለው አውሮፕላን ስብርባሪ መትቶት፣ ወይ ሞተር ከድቶት። አሁን ይሄ ሰው አውሮፕላን አልጠፋበትም ይባላል? ግሱ ነው የሚያድነው።

ብራና፦
የመጨረሻዬ ናት። መዝገቡ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ሐረግ አለ፤ በቀጥታው «ከውጊያ ተልዕኮ አልተመለሰም»። ሶቪየታዊቷ ተዋጊ አብራሪ ሊዲያ ሊትቪያክ ነሐሴ 1 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. እንዲህ ሆና ቀረች። ገና 22 ዓመቷ ሊሞላ ነበር። «የውሃ ሽታ ሆነች» ብዬ ነበር።

ጋሽ ሞተር፦
አይ፣ የውሃ ሽታ ትንሽ ወቀሳ አለበት። ብር ተበድሮ ለጠፋ ሰው ነው የምንለው። በዚያ ላይ በስታሊን ጊዜ ደብዛው የጠፋ አብራሪ ተማርኮ ይሆናል ተብሎ ይጠረጠር ነበር። እሷም የሶቪየት ኅብረት ጀግና የሚለውን ማዕረግ ያገኘችው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። በአማርኛው ደግመሽ አታስጠርጥሪያት።

ፊደል ቆጣሪ፦
«እንደወጣች ቀረች»።

ብራና፦
ኧረ አዎ። አያቴ ስለ ወንድሟ የምትለው ይህንኑ ነው። ለሰንጠረዡስ? አምዱ ጠባብ ነው።

ጋሽ ሞተር፦
እዚያ «አልተመለሰም» ጻፊ።