የአምፕሊፋየር ራክ በጭፈራ መካከል የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ለሠርግና ለመድረክ ዝግጅት የድምፅ መሣሪያ አከራያለሁ። በአንድ ራክ ውስጥ የተደረደሩ አራት አምፕሊፋየሮች ያሉኝ ሲሆን፣ ሁለቱ ሳቦቹን (የቤዝ ስፒከሮቹን)፣ ሁለቱ ደግሞ የላይኛዎቹን ስፒከሮች ያሠራሉ። ሰሞኑን ሆጤ አካባቢ በነበረ ሠርግ ላይ ኃይል የወሰድሁት ከባለሠርጉ ቤት ሳሎን ሶኬት ነበር፤ ድንኳኑ ከግቢው ውጭ ስለተተከለም 50 ሜትር ኤክስቴንሽን ከነጥቅልሉ ተጠቀምሁ። ቀን ላይ ምንም ችግር አልገጠመኝም። ማታ ሙሽሮቹ ገብተው ጭፈራው ሲደምቅ ግን ቤዙ በመታ ቁጥር ከዚያው ገመድ የሚበሩት አምፖሎች ይደበዝዙ ጀመር፤ በመጨረሻም ሳቦቹን የሚያሠሩት ሁለቱ አምፕሊፋየሮች ቀይ መብራት አብርተው ዝም አሉ። ብሬከሩ አልወረደም፤ አምፕሊፋየሮቹም ከአምስት ደቂቃ በኋላ በራሳቸው ተመለሱ። እስከዚያው ሠርገኛው በጭብጨባና በከበሮ ባይሸፍንልኝ ኖሮ የቀረኝን ሒሳብ መጠየቅም ባፈርሁ ነበር። ስታቢላይዘር ልግዛ፣ ወይስ ያለኝን ባለ 10 ኬቪኤ ጄኔሬተር ይዤ ልዙር?

መልስ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የኤክስቴንሽኑን ገመድ ይመልከቱ። ላዩ ላይ 3×1.5 የሚል ጽሑፍ ካገኙ የችግሩን ግማሽ አግኝተዋል። ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚመለስ በመሆኑ 50 ሜትር ገመድ ማለት 100 ሜትር መዳብ ነው፤ በዚህ ርዝመት የ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ሬዚስታንስ 1.17 ኦም ያህል ይሆናል። ራኩ 16 አምፒር ሲስብ ወደ 19 ቮልት፣ ቤዙ ሲመታ ለቅጽበት 25 አምፒር ቢደርስ ደግሞ 29 ቮልት ገመዱ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ብሬከር የሚቆጣጠረው የአምፒርን መብዛት እንጂ የቮልትን መውረድ ስላልሆነና ለአፍታ የሚመጣን ጭማሪም ስለሚታገሥ፣ አለመውረዱ ሊያስደንቅዎ አይገባም።

ስታቢላይዘሩን ከራኩ አጠገብ ካስቀመጡት ነገሩን ያባብሰዋል፤ የወረደውን ቮልት ወደ 220 ለመመለስ ከዚያው ቀጭን ገመድ ተጨማሪ አምፒር ይስባልና። በተመሳሳይ ርቀት ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ቢዘረጉ በ16 አምፒር የሚቀረው ቮልት ከ5 ያነሰ ነው። ይህ ገመድ ግን በተለመደው ስፒና የሚገባ ስላልሆነ፣ ከቆጣሪው ቀጥሎ ራሱን የቻለ ብሬከር በባለሙያ ያስገጥሙ። የትኛውንም ገመድ ቢጠቀሙ ከጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ ተጠቅልሎ ጭነት የተሸከመ ገመድ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ስለሌለው ላስቲኩ ይቀልጣል።

መልስ፣ የቆየ ሳውንድ ማን

ስለ ገመዱ በተባለው እስማማለሁ፤ አምፕሊፋየሮቹን ያጠፋው ግን የቮልት መውረድ ብቻ አይመስለኝም። ምክንያቱ እሱ ቢሆን ኖሮ ቤዙ እንደቆመ በሰከንዶች ውስጥ ይመለሱ ነበር። አምስት ደቂቃ የሙቀት ምልክት ነው። ቮልት ሲያንሰው አምፕሊፋየሩ ድምፁን እየቆረጠ ይሠራል፤ ማይክ የያዘው ሰው ደግሞ ድምፅ ያነሰ መስሎት ይጨምራል፤ በዚህ ላይ ራኩ ከሸራ ግድግዳ ጋር ከተጠጋ ሞቃቱ አየር ተመልሶ ይገባል። በአንድ ቻናል (የአምፕሊፋየሩ አንድ መውጫ) ላይ ስንት ሳብ እንደተያያዘም ይቁጠሩ፤ ሲበዙ ኦሙ ይወርድና አምፕሊፋየሩ ይሞቃል።

ስለ ጄኔሬተሩ፦ 10 ኬቪኤ በ0.8 ሲባዛ በተግባር የሚገኘው ጉልበት 8 ኪሎ ዋት ነው፤ ይህም ዝቅ ባለ ስፍራ ነው። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ኮምቦልቻ ላይ ሳይጨነቅ ያሠራኝ ጄኔሬተር ደሴ ሲወጣ ሲያቃስት፣ ነዳጁን እንጂ ዳገቱን አልጠረጠርሁም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር (ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች፣ ማለትም ፌዞች፣ እና አንድ የመመለሻ ሽቦ፣ ማለትም ኒውትራል፣ ያለው) በፌዝና በፌዝ መካከል 380፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አዳራሽ ውስጥ የኒውትራሉ ቡሎን ላልቶ ነበር። መብራቶቹ በአንዱ ፌዝ፣ ራኩ በሌላው፣ ሚክሰሩ ብቻውን በሦስተኛው ላይ ስለነበሩ፣ ኒውትራሉ ሲለቅ ቮልቱ ጭነቱ ወዳነሰበት ዘመመ፤ ሚክሰሬም እያየሁት ጢሱ በፌደሮቹ ቀዳዳ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመሬት መስመሩንና ኒውትራሉን ራሴ ሳልፈትሽ ፌዝ አላስነካም። ጉርምርምታ ለማጥፋት ብላችሁ ደግሞ የመሬት መስመሩን የምትቆርጡ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ፤ ማይኩን የሚይዘው ሰው ነው፤ ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል። ሚክሰሩንና ራኩን ከአንድ ማከፋፈያ አብሏቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉርምርምታው ይቀንሳል።

ጠያቂው፣ ከደሴ

ሁለታችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ገመዱ እንደተባለው 1.5 ነው። ትናንት ግቢዬ ውስጥ ዘርግቼ በቴስተር ስለካ፣ ቤዙ ሲመታ ሶኬቱ ላይ 216፣ ራኩ ጀርባ 188 ቮልት አነበብሁ። ባለ 6 ገመድ ተውሼ ስሞክር 209 ሆነ፤ አምፖሎቹም መደብዘዛቸውን ተዉ። ሳቦቹንም ቆጠርሁ፦ በአንድ ቻናል ላይ ባለ 8 ኦም አራት ሳብ አያይዤ፣ አምፕሊፋየሩ ከ4 ኦም በታች አትጫኑብኝ እያለ ወደ 2 ኦም አውርጄዋለሁ። ሁለቱን ወደ ባዶው ቻናል አዛውሬያለሁ። ስታቢላይዘሩን ትቼ ገመድ እገዛለሁ።