በጠንካራ ምስጠራ ላይ ስለሚጣሉ ሕጋዊ ገደቦች፦ የጋራ ሐሳባችን አንቀጽ 2 ውይይት

ረቂቁን የያዘው አባል፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ስለ ምስጠራ፣ ማለትም መረጃን ቁልፍ የሌለው እንዳያነበው አድርጎ ስለ መቆለፍ፣ ለሕግ አውጪዎች የምናቀርበው የጋራ ሐሳባችን አንቀጽ 2 «በምስጠራ ላይ የሚጣል ገደብ ሁሉ ከንቱ ነው» ብሎ ይጀምራል። ይህ እንዲወጣ እጠይቃለሁ፤ ገደብ ሕግ አክባሪውን አምራች በእርግጥ ያስገድዳልና፣ ሕግ አውጪዎቹም ይህን ያውቃሉ። በምትኩ ገደብ የሚያስከትለውን ጉዳት በማስረጃ እናሳይ። አሜሪካ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ውጭ የሚላኩ ሶፍትዌሮች አርኤስኤ የተባለው የምስጠራ ዘዴ ቁልፍ ርዝመት ከ512 ቢት እንዳይበልጥ ገድባ ነበር፤ ቁልፍ ባጠረ ቁጥር ደግሞ በቀላሉ ይሰበራል። ገደቡ በ2000 ቢላላም፣ ደካማውን ቁልፍ የሚቀበለው ኮድ በሰርቨሮችና በብራውዘሮች ውስጥ ተረስቶ ቀረ፤ በ2015 ተመራማሪዎች «ፍሪክ» በተባለው ጥቃት፣ በመሐል የገባ አጥቂ ግንኙነቱን ወደዚያ ደካማ ቁልፍ አውርዶ በተከራያቸው ኮምፒውተሮች በሰዓታት ውስጥ ሊሰብረው እንደሚችል አረጋገጡ። ለአደጋ የተጋለጡት ሕጉ ሲወጣ ያልታሰቡ፣ አንዳንዶቹም ያልተወለዱ ተጠቃሚዎች ናቸው።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ማስረጃው ጠንካራ ነው። ነገር ግን ለመርማሪዎች ጥያቄ መልስ የሌለው ሰነድ ከመጀመሪያው ገጽ አያልፍም። የሚከተለው እንዲጨመር አቀርባለሁ፦ «ምርመራ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ በተለየ ተጠርጣሪ መሣሪያ ላይ፣ ለተወሰነ ጊዜ ይፈጸም፤ የሁሉንም ተጠቃሚ ምስጠራ የሚያዳክም ግዴታ ግን አይጣል።» የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በየካቲት 2024 በፖድቻሶቭና በሩሲያ ጉዳይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ላኪና ተቀባይ ብቻ የሚያነቡት) መልእክት እንዲፈታ ማስገደድ የሁሉንም ተጠቃሚ ጥበቃ ስለሚያዳክም ተመጣጣኝ አይደለም ብሏል። ውሳኔው በቀጥታ የሚያስገድደው የጉዳዩን ተከራካሪ አገር ሩሲያን ብቻ መሆኑ ግን በሰነዱ ይገለጽ።

የመረጃ ደኅንነት ባለሙያው፦
እህታችን ያቀረቡትን በመርህ እደግፋለሁ፤ ሆኖም ወደ መሣሪያ መግባት ብዙውን ጊዜ አምራቹ የማያውቀውን የደኅንነት ክፍተት መጠቀም ማለት ነው። በ2017 «ዋናክራይ» የተባለው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ላይ ጉዳት ያደረሰው የአሜሪካ የስለላ ተቋም ይዞት በነበረ፣ ኋላም ሾልኮ በወጣ፣ እንዲህ ያለ ክፍተት በሚጠቀም የጥቃት ፕሮግራም ነው። ስለዚህ መንግሥት ያገኘውን ክፍተት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለአምራቹ የማሳወቅ ግዴታ ካልተጻፈ፣ በአንቀጹ የከለከልነውን የኋላ በር (ምስጠራን ለማለፍ ሆን ተብሎ የሚተው ድብቅ መግቢያ) በሌላ ስም እንፈቅዳለን።

ረቂቁን የያዘው አባል፦
ሁለቱንም ተቀብያለሁ። የማሳወቂያው ጊዜ ግን ስንት ቀን ይሁን የሚለው ገና አልተቋጨም፤ መርማሪዎች ረዘም እንዲል እንደሚፈልጉ ይገመታልና፣ ባለሙያው ወንድማችን የሚያዋጣውን ቁጥር ከነምክንያቱ ቢያቀርቡልን አንቀጹ ለድምፅ ይደርሳል።